ሲያምሽ ጨብጪኝ

ሰኔ 16 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይህ ደብተር የክሊኒኩ የመድኃኒት መዝገብ ነበር። ዝናብ ነክቶት ሊጣል ሲል ለምኜ ወሰድኩት። የመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ገጾች የሰው ስምና የክኒን ዓይነት አለባቸው። ከዚያ ወዲህ ያለው የእኔ ነው።

ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ልጄ እንቁ ዐረብ አገር ከሄደች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚያናግረኝ የለም። ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ሥራዬ በወረቀት ላይ ጽዳት ነው። የጥርስ ክፍሉን እጠርጋለሁ፣ ዕቃ እቀቅላለሁ፣ ደም የነካው ጥጥ አቃጥላለሁ። ጭንቅላት መያዝ የመጣው በኋላ ነው። በፍቃዱ ጥርስ ሊነቅል ሲል ሰው ከወንበሩ እየተነሣ ቢያስቸግረው "እትዬ አሰጋሽ፣ እስቲ ይያዙልኝ" አለኝ። ይኸው ሦስት ዓመቴ። ሁሉም "ዶክተር" ይለዋል። አይደለም፤ ግን አይከለክልም። እጁ ፈጣን ነው። "መፍጠን ነው ርኅራኄ" ይላል። ወሬ አይወድም።

የእኛ አገር ሰው ሐኪም ፊት አመመኝ አይልም። "ያምሃል?" ሲባል እስላሙ "አልሐምዱሊላህ"፣ ክርስቲያኑ "ተመስገን" ይላል፤ ላቡ እየወረደ። ምስጋናውን አስቀድመን ሕመሙን እናስከትላለን፤ ያደግንበት ነው። በፍቃዱ ግን ምስጋናውን ይሰማና የሚከተለውን ሳይጠብቅ ጉጠቱን ያነሣል። ስለዚህ አንድ ነገር ጀመርኩ። ግራ እጄን ግንባራቸው ላይ አሳርፋለሁ። የቀኝ እጄን ሁለት ጣቶች መዳፋቸው ውስጥ አስቀምጣለሁ። "አብሽሪ፣ ሲያምሽ ጨብጪኝ፤ እኔ አስቆመዋለሁ" እላለሁ። ሲጨብጡኝ "ዶክተር፣ ትንሽ" እለዋለሁ። ይኸው ነው። ብዙው ሰው አንዴም ሳይጨብጥ ይጨርሳል። መጨበጥ እንደሚችል ማወቁ የሚበቃው ይመስለኛል።

ከራሴ አላመጣሁትም። ስኳር ከተጠቀለለበት ወረቀት ነው ያነበብኩት። የሆነ የጤና መጽሔት ቅዳጅ ነበር። "ታካሚው ሕክምናውን ማስቆም እንደሚችል ሲያውቅ ፍርሃቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ምልክት ሰጥቶ የማይቆምለት ከሆነ" ይላል። ከዚያ በታች ተቀዷል። ግድግዳዬ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሰኔ 19

ገበያ ነበር። ሃያ ሦስት ሰው። መብራት ሁለቴ ጠፋ። እንቁ አልደወለችም። ወሩ ገና ነው።

ሰኔ 23

ዛሬ አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ስሟ ራሕማ ነው፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ከጅዳ ከተመለሰች ሁለት ወሯ። ቀኝ ጉንጯ አብጧል። የምትናገረው እናቷ ናት።

"ደረጃ ላይ ወድቃ ነው። ሁለት መንጋጋ ጥርሷ ተሰብሯል" አለች እናትዮዋ።

"አፍሽን ክፈቺ" አላት በፍቃዱ።

አልከፈተችም።

"ያምሻል?"

"አልሐምዱሊላህ" አለች በተገጠመ ጥርሷ መሃል።

"ካላመመሽ ምን ልትሠሪ መጣሽ?" ብሎ ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ ደክሞት ነው። ዕቃ ሊያነሣ እጁን በራሷ በላይ ሲዘረጋ ሁለት ክንዷን አንሥታ ጭንቅላቷን ሸፈነች። ሻሿን እያስተካከለች ይሆናል።

ሌላ ቀን እንድትመጣ ተነግሯት ሄደች።

እንቁም ያለችው ጅዳ ነው። በጣም ትልቅ ከተማ ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ቤት አይገባም።

ሰኔ 27

ራሕማ ብቻዋን መጣች። በፍቃዱ ሥራ ላይ ስለነበር ውጭ አግዳሚው ላይ አብሬያት ተቀመጥኩ። ዕቃዎቹን በትሪ አምጥቼ አንድ በአንድ አሳየኋት፤ ይህ መስታወት ነው፣ አይቆርጥም፤ ይህ መርፌ ነው፣ እንደ ጉንዳን ይነክስና ያልፋል። ስለ ጉጠቱ አልዋሸኋትም። "ሲገፋሽ ይሰማሻል፤ ማመም ግን የለበትም። ካመመሽ ጨብጪኝ" አልኳት። ጣቶቼን ሰጠኋት። ጨበጠችኝና ፊቴን አየች። "ዶክተር፣ ትንሽ" አልኩ እዚያው ለልምምድ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። አፏን በሻሿ ከልላ።

"ልጅ አለሽ?" አለችኝ።

"አንዲት። እዚያው አንቺ የነበርሽበት ናት። እንቁ ትባላለች፤ በፓስፖርቷ ግን አሚራ ናት። ደላላው ነው ያወጣላት።"

"መቼ ትመጣለች?"

"ኮንትራቷ ሲያልቅ። ቤታችንም ቆርቆሮ ሲለብስ።"

መሬት መሬቱን አየች። ልጠይቃት ያሰብኩት ነገር ነበር፤ በፍቃዱ ስለጠራኝ ሳልጠይቃት ቀረሁ።

ሰኔ 30

እንቁ ሱፍያን ሱቅ ደወለች። ሱፍያን ልጁን ልኮ አስጠራኝ። አጭር ነበር። ደህና ናት። ስለ ክረምቱ ጠየቀችኝ።

ሐምሌ 4

ዛሬ ተሰደብኩ። ልጻፈውና ይውጣልኝ።

የእህል ነጋዴው ሐጂ አሕመድኑር ጥርስ ሊነቀሉ መጡ። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ጣቴን ጨመቁት።

"ሐጂ፣ መርፌው ገና ትሪው ላይ ነው" አልኳቸው።

"ልምምድ ነው" አሉ።

አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ግን የምራቸውን ሦስት ጊዜ ጨበጡኝ፤ እኔም ሦስት ጊዜ "ዶክተር፣ ትንሽ" አልኩ። በሦስተኛው በፍቃዱ ጉጠቱን ትሪው ላይ ወረወረው።

"ሐኪሙ እኔ ነኝ ወይስ አንቺ? ሰው ተሰልፎ እስከ መንገድ ደርሷል። ከዛሬ ጀምሮ ካልጠየቅኩሽ እንዳትናገሪ።"

አንቺ አለኝ። እንደ ልጄ የማየው ሰው ነው፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እርስዎ እንጂ ሌላ ብሎኝ አያውቅም። የክሊኒኩ ባለቤት በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ሐጂ በጥጥ በተሞላ አፋቸው ሊከራከሩልኝ ሞከሩ፤ ምን እንዳሉ ማንም አልሰማም።

ጽዳት የሚፈልግ ሰው በከተማው ሞልቷል።

ሐምሌ 7

ራሕማ መጣች። ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እኔን እያየች አፏን ከፈተች።

መርፌውን ወጋት። "ደነዘዘ?" አላት። "አልሐምዱሊላህ።" ጀመረ።

ጨበጠችኝ።

መስኮቱን አየሁ። ውጭ ዝናብ ነበር። ሱፍያን ሱቅ በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ተጠልለው ቆመዋል፤ አንዱ ጃንጥላ ይዟል፤ አይዘረጋውም። እንደገና ጨበጠችኝ። ከዚያ በኋላ አለቀቀችኝም።

ጥርሱ ከላይ ተሰበረ። በፍቃዱ ሥሩን ሲፈልግ ቆየና "ለሳምንት እንመልሰው፣ ዛሬ አብጧል" አለ። እሷ ተነሣች፣ ደሙን ተፋች፣ ሻሿን አሰረች። እሱን አላየችውም። እኔን ነው ያየችኝ።

ስትወጣ "ጎበዝ ልጅ ናት። ድምፅ እንኳ አላሰማችም" አለ በፍቃዱ።

"አዎ" አልኩ።

ሐምሌ 8

ጣቴ ላይ የጥፍሯ ምልክት አለ። በረኪና ሲነካው ያቃጥላል።

ሐምሌ 15

ቀጠሮዋ ትናንት ነበር። አልመጣችም። ዛሬም አልመጣችም። ሁለት ሴቶች አግዳሚው ላይ ያወራሉ።

"የዚያች የጅዳዋ ልጅ አፏ ተቆልፏል አሉ።"

"ጂን ነው እንጂ። ከዐረብ አገር የመጡት ሁሉ እንዲህ ናቸው፤ ሲጠሯቸው ይበረግጋሉ።"

"ገንዘቡንስ ይዛ መጥታለች?"

"ኧረ ባዶ እጇን ነው።"

ወለሉን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት።

ሐምሌ 17

አልመጣችም። በፍቃዱን ልጠይቀው ብዬ ተውኩት። ካልጠየቅኩሽ አትናገሪ ብሎኛል። ይህን እንደ ምክንያት መጻፌ ያሳፍረኛል፤ ግን እንደዚያ ነው።

ሐምሌ 20

እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እግሬ ራሱ ወሰደኝ፤ ቤታቸው ከመስጊዱ ጀርባ ነው። እናትዮዋ በሩን ከፍታ ዘወር ብላ አሳለፈችኝ።

እብጠቱ ከጉንጯ ወርዶ ከአገጯ ሥር እስከ አንገቷ ደርሷል። ድንጋይ ይመስል ደርቋል። ምራቋን መዋጥ አትችልም፤ ጨርቅ ይዛ ትጠርጋለች። ተደግፋ ነው የምትቀመጠው፤ ስትተኛ ትንፋሽ ያጥራታል።

"ለምን አላመጣሻትም?" አልኳት እናትዮዋን።

"እምቢ አለችኝ፣ እቴ። እጄን ይዘው ይዋሹኛል ነው የምትለው።"

በፍቃዱ ቤት ድረስ በጭቃ ሮጥኩ። ልብስ እያጠበ ነበር። ነጠላ ጫማውን እንዳደረገ ተከትሎኝ መጣ። አንገቷን ነካ አድርጎ ፊቱ ተለወጠ። "መግሉ ወደ ጉሮሮዋ እየወረደ ነው። ደሴ፣ አሁኑኑ" አለ።

አውቶቡስ የለም። ሐጂ አሕመድኑር እህል የጫነ አይሱዙ ነበራቸው። ለምን ብለው ሳይጠይቁ ግማሹን ጭነት አስወረዱ። በፍቃዱ ራሱ አብሯት ሄደ። እኔን ማንም ነይ አላለኝም።

ሐምሌ 22

አቀስታ አጠገብ ጭቃ ውስጥ አምስት ሰዓት ቆመው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያውቅ የለም። ክፍሉ ተዘግቷል። ባዶውን ወንበር ወለወልኩት።

ሐምሌ 26

በሕይወት አለች። ከአገጯ ሥር ቀድደው መግሉን አፍስሰውላታል፤ የቀረውንም ሥር ነቅለውላታል። በፍቃዱ ዛሬ ገባ። ከስቷል። ዕቃ ስቀቅል መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

"ሥሩ ውስጥ ቀርቶ ነው የመረቀዘው። መግል ባለበት ማደንዘዣው በደንብ አይሠራም፤ ማወቅ ነበረብኝ" አለ። "ግን ያን ያህል ሲያማት ለምን አልተናገረችም?"

"ተናግራለች።"

"ለማን?"

"ለእኔ።"

የድስቱ እንፋሎት በመሃላችን ነበር። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "ከልክዬዎት ነበር" ብሎ ወጣ። እርስዎ ብሎኛል። አላስደሰተኝም።

ነሐሴ 4

እንቁ ከሰኔ 30 ወዲህ አልደወለችም። ሱፍያን "መስመሩ በክረምት ይበላሻል፣ እትዬ" ይለኛል። ጠዋት ማታ በሱቁ በኩል አልፋለሁ። ጨው አለኝ፤ ጨው እገዛለሁ።

ነሐሴ 11

ሰኔ 30 ላይ የጻፍኩትን ገልጬ አነበብኩት። "አጭር ነበር። ደህና ናት። ስለ ክረምቱ ጠየቀችኝ።" ውሸት የለበትም። የተውኩትን ግን ዛሬ ልጻፍ።

"እማ፣ ክረምቱ ገብቷል?" አለችኝ።

"ገብቷል።"

"መንገዱስ?"

"ጭቃ ነው።"

"አሁን ሰው ከደሴ ቢነሣ ይደርሳል?"

"ማን ሊመጣ?"

ከኋላዋ ሴት በዐረብኛ ትጮኻለች። "እኔ ብመጣ ብዬ ነው" አለች።

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ስኳር የሚገዛ፣ ዝም ብሎ የቆመ። ሁሉም ልጄ እዚያ እየሠራች ቤት እንደምታሠራ ያውቃል። "ቆርቆሮው እኮ ገና ግማሽ ነው፣ የኔ ልጅ። ጭቃው እስኪደርቅ ቻይው" አልኳት።

"እሺ፣ እማ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።"

ተመስገን እያለች ያደገች ልጅ ናት። ከዐረቦቹ ጋር ስለምትኖር ለምዶባት ነው ብዬ ሱቁ ውስጥ ያሉትን አሳቅኳቸው።

ሰኔ 27 ላይም ራሕማን እዚያ ምን እንደደረሰባት ያልጠየቅኳት በፍቃዱ ስለጠራኝ ነው ብያለሁ። በፍቃዱ አልጠራኝም። ራሴ ነኝ የተነሣሁት።

ነሐሴ 17

ደወለች። ሮጥኩ። እስክትናገር አልጠበቅኳትም፤ "ነይ፣ እንቁዬ። ቆርቆሮውን ተዪው፣ ነይ" አልኳት።

"ኧረ ደህና ነኝ፣ እማ። አሁን ለምጄዋለሁ" አለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ መንገዱም። "ሰላም በይልኝ" ብላ ዘጋች። ማንን ሰላም እንደምልላት አልነገረችኝም።

ሱፍያን "አየሽ፣ ደህና ናት" አለኝ።

ጳጉሜን 3

ረመዳን ከገባ ሳምንት አልፎታል፤ አግዳሚው ቀን ቀን ባዶ ነው። ራሕማ ለቁስሏ መጣች። ከአገጯ ሥር ጣት የሚያህል ጠባሳ ወጥቶባታል። ፋሻውን የምቀይርላት እኔ ነበርኩ። ሁለት እጇን ጭኗ ሥር አድርጋ ተቀመጠችባቸው።

"በድዬሻለሁ" አልኳት። "ስትጨብጪኝ ሰምቻለሁ። ከሥራ እንዳልባረር ፈርቼ ዝም አልኩ።"

ፋሻውን ጨርሼ ስነሣ ነው የተናገረችው፤ አፏ ገና በደንብ አይከፈትም።

"እዚያ ቤት ደረጃ የለም" አለች።

"እንዴት?"

"የሠራሁበት ቤት። ምድር ቤት ነው። እናቴ ለሰው ደረጃ ላይ ወደቀች ትላለች። እኔም ዝም አልኩላት።"

ትሪውን ይዤ ቆምኩ።

"እንቁሽ ትደውላለች?" አለችኝ።

"ለምጄዋለሁ ትላለች።"

ራሕማ ራሷን ነቀነቀች። ያንን ቃል የሚያውቅ ሰው አነቃነቅ ነበር።

መስከረም 9 ቀን 2001

ዓመቱ ተለወጠ። ሁለተኛው የተሰበረው መንጋጋ ዛሬ ወጣ። በፍቃዱ "ጾሙ ይለቅ፣ ከዒድ በኋላ ይሁን" ብሏት ነበር። "የዛሬዋን ሌላ ቀን ጾሜ ቀዷ አወጣለሁ፣ ቶሎ ይገላግለኝ" አለች።

እጇን አልሰጠችኝም። ወንበሩን ያዘች። ጣቶቼን እጀታው ላይ፣ ከእጇ አጠገብ፣ ዘርግቼ ተውኳቸው። መርፌ ተወጋች። ቆየን። በፍቃዱ ዛሬ ደነዘዘ ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቃት፤ "አልሐምዱሊላህ" ስትለው "ከአልሐምዱሊላህ ቀጥሎስ?" አላት። አፏን ከፈተችለት። ጀመረ።

አንዲት ጣቷ መጥታ የእኔን ነካች። መንካት ብቻ ነው።

"አቁም!" አልኩ።

ዶክተርም፣ ትንሽም አላልኩ። ድምፄ አግዳሚው ድረስ ተሰማ። በፍቃዱ እጁን ከአፏ አውጥቶ ወደ ኋላ ተመለሰ። ማደንዘዣ ጨመረላት። ቆመን ጠበቅን፤ ሦስታችንም የግድግዳ ሰዓቱን እያየን። ከዚያ በኋላ ጥርሱ ሲወጣ ፊቷ አልተለወጠም።

ስትወጣ ጥጥ ነክሳ እንዳለች "ቁጥሩ አለሽ? ያለችበት ቤት ቁጥር?" አለችኝ።

አለኝ። ደላላው ጽፎ የሰጠኝ ወረቀት፣ ከስኳር ወረቀቱ አጠገብ ግድግዳዬ ላይ ነው። ደውዬበት አላውቅም። እሷ ትደውላለች እንጂ እኔ እንዳልደውል ተነግሮኛል። ደግሞም ዐረብኛ አልችልም።

"እኔ እችላለሁ" አለች።

መስከረም 15

እንደሆነው ልጻፈው።

ሱፍያን ሱቅ ሄድን። ራሕማ ሱፍያንን "ሰው አስወጣልን" አለችው። ይህቺ በየሰዉ ፊት አፏን የምትከልል ልጅ። ሱፍያን ሰዉን አስወጥቶ በሩን ገርበብ አደረገ። ደወለች። ሴትዮ አነሣች። ራሕማ ሻሿን ከአፏ አውርዳ ተናገረች። መጀመሪያ በትሕትና። "አሚራ" ሲሉ ይሰማኛል፤ "እንቁ" የሚላት የለም። ከዚያ ራሕማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ ጠባሳዋ ተወጠረ፤ አፏ ሙሉውን ተከፍቶ የጎደሉት ጥርሶቿ ታዩ። ሴትዮዋ ጮኸች። ራሕማ አልጮኸችም፤ ያንኑ አንድ ጥያቄ ደጋግማ ጠየቀቻት። ከዚያ ዝም ብላ ሰማች። እስክሪብቶ አምጡ ብላ በሱፍያን ካርቶን ላይ ጻፈች። ስልኩን አስቀመጠች።

"ምን አለች?"

እጄን ፈለገች። ሁለት ጣቶቿን መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችና "ሲያምሽ ጨብጪኝ" አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። እንቁ ሆስፒታል ከገባች አሥር ቀኗ ነው። እግሯና ወገቧ ነው። ሴትዮዋ ወደ ሥራ የማትመለስ ከሆነ አልፈልጋትም፣ ፓስፖርቷንም አልሰጥም ብላለች። ካርቶኑ ላይ ያለው የሆስፒታሉ ስም ነው።

"ምን ሆና?" አልኩ።

ራሕማ ዓይኗን ከዓይኔ አላነሣችም።

"ደረጃ ላይ ወድቃ ነው አለች።"

ጨበጥኳት። አልነጠቀችኝም። ሱፍያን ጀርባውን ሰጥቶን ከመደርደሪያው ላይ ሳሙና ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ጣቶቿ ነጭ ሆነው ነበር።

"ሆስፒታል ካደረሷት በሕይወት አለች" አለች ራሕማ። "እኔን አላደረሱኝም።"

መስከረም 18

በፍቃዱ ከክሊኒኩ ባለቤት አምስት ቀን ፈቃድ አስወጣልኝ። ዐረብ አገር ሰው የተቸገረበት የሚያመለክትበትን ደሴ ያለ መሥሪያ ቤት ስምም በወረቀት ጻፈልኝ። "ጭንቅላት ማን ይይዝልኛል?" አለ፤ ሊያስቀኝ ብሎ ነው።

"ራስህ ጠይቃቸው፤ እስኪመልሱልህም ጠብቅ" አልኩት።

ለመንገዱ የሸጥኩት ቆርቆሮ ጠዋት ተነቅሎ ሄደ። ግማሹ ቤት ድሮም ሣር ነው።

መስከረም 19

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የደሴ አውቶቡስ ውስጥ። ራሕማ አጠገቤ ናት፤ መንገደኛ ስለሆነች ዛሬ አልጾመችም፤ ቂጣ ቆርሳ በግራ ጥርሷ ታኝካለች። ካርቶኑ በጉያዬ ነው። የስኳሩን ወረቀት ግድግዳው ላይ ተውኩት፤ የተቀደደውን አሁን አውቀዋለሁ።

ሾፌሩ ረዳቱን "ተራራው እንዴት አደረ?" አለው። ረዳቱ "አቧራ ነው" አለ።

መንገዱ ደርቋል።